ጣታችሁን ጠይቁ

በሐዘኑ በስድስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ የፀረ ተባይ መርጫ ጀርባው ላይ አዝሎ ለቅሶ ቤት ገባ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስኒውን ይዞ ቀረ። እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወደ ሟች ሚስት፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለ።

"እህቴ፣ የጥብስ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ተባይ ገብቶበታል፤ ዛሬ ካልረጨሁት አይተርፍም።"

ከተቀመጠችበት ፍራሽ ለሰው ብላ ያልተነሣችው ሴት ለተክሉ ተነሣች። የሟች ታናሽ እህት ጫማዋን አቀበለቻት፤ ለቅሶ ደራሹም ተከትሏት ወረደ።

ባሏ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ያለውን የስምንት አባወራ ቆሻሻ መጣያ፣ በዕረፍት ቀኑ እየጠረገ የጋራ ጓሮ ያደረገው እሱ ነው። መጀመሪያ የተከለው ይህን የጥብስ ቅጠል ነበር። ልጅ እንደማይወልዱ ያወቁ ሰሞን፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ እሷ፣ "ምነው ሰላጣ ብትዘራ፣ ቶሎ እንበላው ነበር" ብላው ነበር።

"በየዓመቱ የሚሰናበተኝ ነገር አልፈልግም" አላት። "አብሮን የሚያረጅ ነው የምፈልገው።"

እሷ ለአፈር ፍቅር አልነበራትም። እሱና ፀጉር አስተካካዩ በተባይ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ግን በመስኮት እየሰማች ትስቅ ነበር። ባሏ አንድ መደብ ጎመን ክሽክሽ ለሚባለው ደቃቅ ተባይ ትቶ ነበርና፣ ጎረቤቱ ተባይ የሚቀልብ ሰው አይቼ አላውቅም እያለ ያሾፍበታል። እሱም ክሽክሹን የሚበሉትን ባለ ነጥብ ቀይ ጥንዚዛዎች እያሳየ፣ እነዚህ ደመወዝ የማይጠይቁ ሠራተኞቼ ናቸው፣ ምሳቸውን አትመርዝባቸው ይለው ነበር። የመርጫው ባለቤት ቲማቲም በየዓመቱ ከነመድኃኒቱ ሲደርቅ፣ የሱ ጓሮ ይለመልማል።

እሷን የሚያናድዳት ሌላ ነገር ነበር። ባሏ ውሃ ከማጠጣቱ በፊት ሌባ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ይከትና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። አፈሩ ካልለመነ አይሰጠውም። ከዚያ የዚያችን ጣት ጥፍር እንዳጠቆረ ማዕድ ይቀርባል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ይቺን ጣት ታጠባት እያለች ከገበታ አስነሥታዋለች።

አሁን ከተክሉ ፊት ቆማለች። ቅጠሉ ገርጥቷል፣ ጫፉ ዘንበል ብሏል። ፀጉር አስተካካዩ የመርጫውን አፍ ሲያስተካክል እጁን ያዘችውና ቁጢጥ ብላ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተች። ጭቃ ነው። ጣቷን ስታወጣ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ።

"ማነው ያጠጣው?"

እህትየው ጠዋት ጠዋት አንድ ጆግ ብቻ ማፍሰሷን አመነች፤ ወንድሟ የለም ብላ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ቀን ቀን እሱም እንደሚያጠጣ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። የሟች የሥራ ባልደረቦች ተያዩ። ለካ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ፣ ሲወጣ በጓሮ ዞሮ፣ ያሰበው እኔ ብቻ ነኝ እያለ አንዳንድ ጣሳ አፍስሶ ነው የሚሄደው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው ይባላል፤ ሃምሳ ጣሳ ውሃም ለአንድ ተክል ጎርፍ ነው።

መጀመሪያ የሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሌላውም ተከተላት። ሳቋ መሐል ዕንባዋ መጣ፤ ሁለቱንም አልከለከለቻቸውም። ይሄ ተክል ከሞተ ሁለተኛ መርዶ እንደሚሆንባት ታውቃለች።

"መርጫህን አውርድና አካፋ አምጣ" አለችው ፀጉር አስተካካዩን።

ዙሪያውን ቦይ ቆፈሩ። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሹፌሮች በስኒ ማቅረቢያው ትሪ አሸዋ አመላለሱ። እህትየው ጤነኞቹን ቀንበጦች ቆርጣ፣ ምናልባት እናት ተክሉ ካልተረፈ ብላ፣ ለየቤቱ በየጣሳው ተከለች። ልብስ ሰፊዋም በልብስ ማስመሪያ ጠመኔዋ የጓሮው ግድግዳ ላይ "ጣታችሁን ጠይቁ" ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ አንድ ጣቱን አፈር እያስነካ ነው ነፍስ ይማር የሚለው።

በአርባው፣ በመጨረሻው የሐዘን ቀን፣ ብቻዋን ወረደች። ጣቷን ከተተች። ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ከግንዱ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ጫፍ ወጥታለች። ውሃ አልሰጠችም።

ምሳ ቀርቦ እህትየው፣ "እትዬ፣ ነይ ታጠቢና እንብላ" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ቧንቧውን ከፍታ ግራ እጇን ታጠበች፣ የቀኟንም አራት ጣቶች ታጠበች። ሌባ ጣቷን ግን ከውሃው አርቃ፣ እጥፍ አድርጋ ይዛ፣ ከነአፈሯ ወደ ማዕዱ ቀረበች።