የሲስተር ጥሩወርቅ ወፎችና የአጎቴ ቆስጣ

ቆቦ ውስጥ ስለ ወፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያውራ፤ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። እስከዚያው ግን እኔን ስሙ። ማሽላ ማፍራት ሲጀምር ማማ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ግሪሳው በዋጃ በኩል እንደ ደመና ብቅ ሲል የማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ ቀድሜ እናገራለሁ። ወንጭፌን ገና ሳዞረው ተነስቶ ይሄዳል። ወፍ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚፈራ፣ በየትኛው ሰዓት ሆዱ እንደሚብስበት አውቃለሁ። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቀር ቀረ፤ ወፍ እንደሆነ ደብተር አሳዪኝ አይልም።

ስለዚህ ሲስተር ጥሩወርቅ ለሥልጠና ወልዲያ ልትሄድ ስትል፣ ወፎቼን ማን ያይልኛል ብላ መጨነቋ ገረመኝ። እኔ ፍሬዓለም እዚሁ አጠገቧ ቆሜ።

ሲስተር ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየች አዋላጅ ነርስ ናት። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ስትመጣ ሻንጣዋን ለወያላው ትታ፣ የሽቦ ቤቱን ግን ራሷ አቅፋ ነው ከሚኒባስ የወረደችው። ውስጡ ሁለት አረንጓዴ በቀቀኖች ነበሩ፤ ከድንቢጥ እምብዛም አይበልጡም። እዚህ አገር አንድ ዘመድ የላትም። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምታናግረው እነሱን ነው። እናቴ ይኼን እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ ምናለ ልጅ ብትወልድ ትላለች።

ችግሩ ወፎቹ ከጥሬ በቀር አፋቸው የሚያስገቡት ነገር አልነበረም። የአንዷ የደረት ላባ ረግፎ ሮዝ ቆዳዋ ይታይ ጀመር። ሲስተር ስልኳ ላይ ስታነብ ከርማ ቅጠል አጥተው ነው አለች። ቆስጣ ከትፋ በሰሃን ሰጠቻቸው፤ ረግጠውት አለፉ። እንዲህ ላባቸው እየረገፈ ከቆየ እንደሚሞቱባት ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰበረ። እኔም ስትመለሺ ቅጠል ሲበሉ ታገኚያቸዋለሽ ብዬ ቃል ገባሁላት።

ቆስጣው ደጇ ላይ፣ ለሁለት በተሰነጠቀ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ያበቀለችው ነው። ከዚያ ብቻ ቁረጪ፣ እጠቢ፣ ሲጠወልግ አውጪ፤ ከየት እንደመጣ ያላወቅሽውን ቅጠል እንዳታስገቢ። ይኼንን ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። እኔ ደግሞ ሦስቱንም ጊዜ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ቅጠሉን በውኃ አርሼ ወለሉ ላይ አነጠፍኩላቸው፤ ተንከባለሉበትና ገላቸውን ታጠቡበት። ቀጥሎ አድቅቄ ከማሽላ ጋር ቀላቀልኩት፤ እያንዳንዷን ፍሬ ለቅመው ቅጠሉን ትተውልኝ ሄዱ። ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ሽቦው ላይ አጣበቅሁት፤ ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሲስተር በስልክ ስትጠይቀኝ ግን ይበላሉ አልኳት። ነገ ይበላሉ ለማለት ነው።

ነገ ሲሆን የእናቴ ፍየል ጀሪካኑን እስከ ሥሩ ግጣ አገኘኋት።

ሲስተር የምትመለስበት ቀን ነበር። በጠዋት ተነስቼ ወደ አጎቴ አስፋው የመስኖ ማሳ ሄድኩ። ሽንኩርቱ ዳር ላይ አንድ መደብ ቆስጣ አለው። አጎቴ አልነበረም። መደቡ ራስ ላይ እንጨት ተተክሎ፣ እንጨቱ ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተደፍቶበታል። ሳየው ሳቄ መጣ። እኛ ማሽላ ላይ ጣሳ የምንሰቅለው ለወፍ ነው፤ ነፋስ ሲመታው እንዲንኳኳ። ቆስጣ ላይ ደግሞ ወፍ ምን አለው? አጎቴ አረጀ ብዬ ካየሁት ሁሉ ትልቁን ቅጠል ቆረጥኩ። አንድ የሆነ ነገር አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ ሽንኩርቱ ነው አልኩ።

ቤት ስገባ አሳብ መጣልኝ። ወፍ ቅጠል የሚበላው ዛፍ ላይ ነው፤ የዛፍ ቅጠል ደግሞ ይወዛወዛል። ትልቁን ቅጠል በክር አስሬ ከጣሪያው ሽቦ ላይ፣ ልክ መሃላቸው አንጠለጠልኩት። ነፋሱ ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። ውኃ ረጨት አድርጌበታለሁ፤ ያ ለእኔ መታጠብ ነው። ሲበሉ ልጠብቅ ስል እናቴ ማሽላ አሸክማ ወፍጮ ቤት ላከችኝ።

ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ የአጎቴ ሚስት እትዬ ጌጤ መጣች። እንዴት አደርሽ ተባባልን፤ ከዚያ አጎቴ ትናንት ሲመሽ መድኃኒት ሲረጭ ቆይቶ ራሱን ሲያመው እንዳደረ ታወራኝ ጀመር። ትሉ ቆስጣውን ሊጨርሰው ሆነ፤ ምን ያድርግ። የጎረቤት ላም እንዳትገባ ስትል ስትሯሯጥ እንደነበረች፣ ደግነቱ ጣሳው እንደተሰቀለ ነገረችኝ።

“የምን ጣሳ?” አልኩ። ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አለች።

“የተረጨ ማሳ ላይ የሚደፋው ነዋ። እኛ መስኖ ላይ ያለነው ሁሉ ተስማምተንበታል፤ ጣሳው እስኪነሳ ቅጠል የሚነካ የለም። ሰውም ይሞታል እኮ፣ የኔ ዓለም።”

ማሽላዬን እዚያው ወለሉ ላይ ጥዬ ወጣሁ።

የሰፈራችን ልጅ የአንዷለም ባጃጅ በር ላይ ቆማለች። ገብቼ ቶሎ ንዳ አልኩት፤ አንድ ሰው ይዤ አልንቀሳቀስም፣ ሁለት ይጨመር አለኝ። ወፍ እየሞተ ነው ስለው እንደ ቀልድ ቆጥሮት ሳቀ። ወርጄ በእግሬ ልሮጥ ስል አንዲት እናት ከሁለት ጆንያ ጋር ገቡ፤ ጆንያው እስኪጫን እጄን ቀሚሴ ላይ እየጠረግኩ፣ እንደገና እየጠረግኩ ተቀመጥኩ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ናት። ሮቢት ደርሻለሁ፣ ሕፃናቱ እንዴት ናቸው አለች። ወፎቹን ሕፃናት ነው የምትላቸው። ደህና ናቸው አልኩና ዘጋሁት። ከሮቢት ቆቦ ምን አላት? ሚኒባሱ መንገድ ላይ ካልቆመ ከእኔ እኩል ልትደርስ ነው።

ግቢ ገባሁ። ክፍሉን ስከፍተው ድምፅ የለም። ሁልጊዜ በር ሲከፈት ይንጫጫሉ።

ቅጠሉ በክሩ ላይ ይዞራል። ሲዞር ብርሃን በመሃሉ ያልፋል፤ ወንፊት ሆኗል። ሁለቱም ወፎች ወለሉ ላይ ወርደው፣ አንዱ ጥግ ላይ ተጣብቀው፣ ላባቸውን ነፍተው ኳስ መስለዋል። ዓይናቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቅጠሉን በጥሼ አወጣሁት፣ የውኃ ማጠጫቸውን አጥቤ ንጹሕ ውኃ ሞላሁ። አልመጡም። መርዝ የጠጣ ሰው ወተት ይሰጠዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለወፍ ግን ምን ያህል እንደሚሰጥ ማንን ልጠይቅ? የደረት ላባዋ የረገፈባት ወፍ እየተንቀጠቀጠች ነበር። በስሟ ጠራኋት። ሲስተር እንደምትጠራት አድርጌ፣ በጎጃምኛ ጭምር።

የግቢው በር ተንቋቋ። ቅጠሉን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ሲስተር ሳቅ ብላ ገባች፤ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ ሰላም እንኳን ሳትለኝ ቅጠሉን ዛሬም በሉ ወይ አለችኝ። አዎ ብል ደስ ይላታል፤ ማታ ሲሞቱ ደግሞ እግዜር ነው የወሰዳቸው እላለሁ። አፌን ከፈትኩ። ወፏ ጥጉ ላይ እንደገና ተንቀጠቀጠች።

“ሲስተር፣ መርዝ ሰጥቻቸዋለሁ” አልኩ።

ስለ ፍየሏ፣ ስለ ጣሳው፣ እትዬ ጌጤ ስላለችው ሁሉንም አንድ ላይ አወጣሁት። እስካሁን ቅጠል በልተው እንደማያውቁም ነገርኳት። ፊቷ ነጣ። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። እጄን በሳሙና እስከ ክርኔ አስታጠበችኝና ቅጠሉን ከኪሴ በላስቲክ አውጥታ መስኮቱ ጋ ወሰደችው። ሽቦ ቤቱ አጠገብ ተንበረከከች፣ ኩሳቸውን አየች፣ ደረታቸው ሲነሳና ሲወድቅ አየች። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ብዙ ቆየን። ከዚያ አንዷ ወፍ አንገቷን አወጣች። ቅጠሉ ተንጠልጥሎ የነበረበትን ቦታ ቀና ብላ አየችው፣ እንደገና አየችው፣ ከዚያ ዘላ እንጨቷ ላይ ወጣች። ወዲያው ሁለተኛዋ ተከተለች። ጥሬያቸውን መፈልፈል ጀመሩ፤ ተርበው ነበር።

ሲስተር ተነስታ ቅጠሉን ገለበጠችው። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ የዛሬ ሥራ አይደለም። ጀርባው ላይ፣ ከደም ሥሩ ጥግ፣ አንድ አረንጓዴ ትል ተጠቅልሎ ሞቷል። የበላው እሱ ነው፤ በችኮላ ስቆርጠው ቀዳዳውን ልብ አላልኩትም። ወፎቹማ አንድ ጊዜም አልቀረቡትም፤ ያ የሚወዛወዝ ነገር ይዞ ሊበላቸው የመጣ መስሏቸው ጥግ ይዘው ሲንቀጠቀጡ ነው ያረፈዱት።

ደሜ ተመለሰ። ደሜ ሲመለስ ደግሞ ምላሴም አብሮ ይመለሳል።

“እንግዲህ በክር ባላንጠለጥለው ኖሮ በልተውት ነበር” አልኳት። “እኔ ነኝ ያዳንኳቸው ማለት ነው።”

ሲስተር ትሉን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

“አንች አይደለሽም” አለች፤ “የዳኑት ማብላት ስለማትችዪ ነው።”