ያልተወጋው ጆንያ

አባቴ ዐርፈው አያውቁም። ድግስ ቤት እንኳ ቆመው ነው የሚበሉት፤ ተቀምጠው የጎረሱ ዕለት የበቆሎ ዋጋ የሚወርድ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት፣ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ እንደ ልማዳቸው ቆመው «የማረፊያ ቤት ልገዛ ነው» ሲሉ፣ እኔና እናቴ የመቃብር ቦታ መስሎን ደነገጥን።

«የት?» አለች እናቴ።

«ዱባይ። ባሕር ዳር።»

«ባሕር ዳር ከሆነማ ቅርብ ነው። ዱባይን ምን አመጣው?»

«ቀልዱን ተይው ካሳነሽ! የባሕሩ ዳር ላይ ነው የምልሽ። በመስኮት ውሃ ይታያል። በዓመት አንድ ወር ሄደን እናርፋለን፣ አሥራ አንዱን ወር ኩባንያው ያከራይልናል።»

«በምን ገንዘብ?»

አባቴ ወደ ግቢው በር ዞሩ። ከባድ ነገር ሲናገሩ ሁልጊዜ ወደ በር ነው የሚያዩት። «ለወፍጮ ቤቱ ገዥ አግኝቻለሁ። ሐሙስ ውል አለን። የአንቺም ፊርማ ያስፈልጋል።»

ወፍጮ ቤቱ የእናቴ ነው። ካርታው በሁለቱም ስም ይሁን እንጂ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅንድቧ ዱቄት ለብሶ የዋለችው እሷ ናት። ቀበቶ ሲበጠስ የምትቀጥለው እሷ፣ ሞተሩ ሲያስል ከጓዳ ሰምታ «ዛሬስ ናፍጣው ውሃ አለበት» የምትለው እሷ። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ ያ ወፍጮ ነው። እናቴ ግን እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔን ያነደደኝ ይኸው ዝምታዋ ነው።

«አባየ፣ ማንን አማክረው ነው?»

«እንደ ልጅ ዘልዬ የገባሁ መሰለሽ?» በጣታቸው ቆጠሩ። «ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምረው መምህር ረዳ አንድ። የንስሐ አባታችን መሪጌታ ዓለምብርሃን ሁለት። የክርስትና ልጄ ቻላቸው ሦስት። ሦስቱም መልካም ነው ብለውኛል።»

«ወይኒቱንስ?»

ወይኒቱ ታናሽ እህቴ ናት። በጽዳት ኩባንያ ተቀጥራ እዚያው ዱባይ ሰው ቤት ስታጸዳ ስድስት ዓመቷ ነው።

«እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች? የሰው ቤት ጠራጊ እኮ ናት።»

«ቤትን ከሚጠርገው በላይ ማን ያውቀዋል?»

«አፍሽን ያዥ።»

ያዝኩ። የተናደድኩት ግን ለእሷ ብቻ አልነበረም። እኔ በዞኑ የመሬት ጽሕፈት ቤት ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ካርታ ስመረምር የኖርኩ ነኝ። የሐሰት ማኅተም በጣቴ ዳብሼ ዐውቃለሁ። እኔንም አልጠየቁም። አንዷ ልጃቸው ወረቀት ታውቃለች፣ አንዷ አገሩን ታውቃለች፤ አባቴ ግን ምክር ፍለጋ ቡሬን በሙሉ ዞሩ።

አባቴ ደግሞ ሞኝ አይደሉም፤ ቢሆኑ ኖሮ ብስጭቴ በቀለለ። ቡሬ የእህል ገበያ ላይ የእሳቸውን ሹል ቱቦ የማያውቅ ሻጭ የለም። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት ብረት ነው። ጆንያውን ከታች ወግተው ሲያወጡት፣ ከሥር የተደበቀውን እርጥብ በቆሎ መዳፋቸው ላይ ያፈሳል። ሻጩ በማርያም ቢምል፣ ቢያለቅስ፣ ሳይወጉ አይገዙም። ከአንድ ጆንያ በቀር፦ ዋስ ካለው። ስም ያለው ሰው እጁን ጆንያው ላይ ጭኖ «በኔ ይሁንብዎ» ካለ አይወጋም። ያን ጆንያ መውጋት ዋሱን መውጋት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ለሰው አይተያይም። ሕጉ የሚሠራውም ዋሱ ጆንያው ሲሞላ አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ስለሆነ ነው።

ይህን ሕግ ክንዱም ያውቀዋል፤ የቡሬ ልጅ ነው። ክንዱ «ወርቃማ ማዕበል» የሚባለው ቤት ሻጭ ኩባንያ ወኪል ነው። በዚያ ጭቃ ነጭ ጫማ አድርጎ፣ ከባጃጅ ሳይወርድ በመሐረብ የሚወለውል። ቤቱን አንድ ቀን እንኳ አላወደሰም። ሥዕሉን ያሳይና «እኔን አትመኑኝ፤ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ» ይላል። ከዚህ የበለጠ ምን ታማኝ ቃል አለ? እኔም ብሆን አምነው ነበር።

ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ ቡሬ ወረድኩ። መምህር ረዳን ከክፍል ሲወጡ ያዝኳቸው።

«መምህር፣ አባቴ ሊገዙ ያሰቡትን ቤት አጥንተውታል?»

«ማጥናት እንኳ...» መነጽራቸውን አወለቁ። «በመርሕ ደረጃ ሀብትን በአንድ ቦታ አለመከመር ይመከራል።»

«በመርሕ ደረጃ አይደለም። ይህን ቤት።»

«እሱን መሪጌታ ናቸው የነገሩኝ። እሳቸው ደግሞ በሐሰት አፋቸውን አይከፍቱም።»

መሪጌታን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ተሳልሜ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ የምድሩን ቤት ምን ዐውቄ? ቻላቸው እንግሊዝኛ ያነባል፤ ውሉን አይቶታል ብለውኝ ነው። የተማረ ካየው እኔ ምን ልጨምር?»

«አይቶታል ያለዎት ማን ነው?»

«ያ ልጅ... ክንዱ።»

ቻላቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ወጣ።

«ሠርኬ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ውሉን አንብበኸዋል?»

«የቱን?»

«አትቀልድ።»

«አርባ ገጽ ነው እኮ! ግማሹ ዓረብኛ ነው። ስሜ በትክክል መጻፉን አየሁና ፈረምኩ።»

«አንተም ፈረምክ?»

ዙሪያውን አየ። «ለሰው እንዳታወሪ። ቤት ልሠራበት የነበረውን ቦታ ሸጬ ቀብድ ከፍያለሁ።»

«ማንን አምነህ?»

ሳቀብኝ። «ምን ማለትሽ ነው? አባትሽን ነዋ! ክንዱ፣ ጋሼ ባምላኩ ሁለት ወስደዋል ሲለኝ ጊዜ! ቱቦ ይዞ የሚዞር ሰው ሁለት ከገዛ እኔ ምን ቤት ነኝ የማጣራው?»

የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተደገፍኩ።

«አባቴ አንድም አልገዙም። ሐሙስ ነው የሚገዙት። አንተ መልካም ነው ስላልካቸው።»

«እኔ? መቼ?»

«አልጠየቁህም?»

«ጠይቀውኛል። ‹እንዴት ታየዋለህ?› አሉኝ። ገዝተው ጨርሰው ሊፈትኑኝ መሰለኝ። ታዲያ የክርስትና አባቴ የገዙትን ቤት በፊታቸው ላጣጥል? ‹እጅግ መልካም ነው ጋሼ› አልኳቸው።» ፊቱ ቀስ እያለ እንደ ጠመኔው ነጣ። ከዚያ ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ ገዝተዋል። ለእናንተ አልነገሩ ይሆናል እንጂ። ታውቂያቸው የለም እንዴ፣ ሚስጥረኛ ናቸው።»

ማስረዳት አልቻልኩም። የአባቴን ስም እየጠራ እኔን አላምን አለ።

ረቡዕ ጠዋት ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ረዳ ከመሪጌታ፣ መሪጌታ ከቻላቸው፣ ቻላቸው ከእርስዎ። ዋስዎ እርስዎ ራስዎ ነዎት አልኳቸው። የሚደነግጡ መስሎኝ ነበር።

«እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ውሸታም ልትያቸው ነው?»

«አልዋሹም። ከመካከላቸው ጆንያው ሲሞላ ያየ የለም ነው የምልዎ።»

«ዋስ የቆመለትን አልወጋም! በምን ፊቴ?» ባርኔጣቸውን አነሡ። «እናትሽ ሳትቃወም አንቺ ምን አገባሽ?»

እናቴ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሆና ሰማች። ሞተሩን አጠፋች። «ሠርኬ» አለችኝ፣ «ለወይኒቱ ደውይልኝ። ቦታው የት ነው እንደሚሉ ንገሪያትና ነገ ጠዋት እዚያ ትቁምልኝ።»

ሐሙስ ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ተሰበሰብን። የወፍጮው ገዥ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ክንዱ ነጭ ጫማውን አጣምሮ ፈገግ ብሏል። አባቴ ቆመዋል። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ እናቴ ስታስጠጋ፣ እናቴ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች፤ የአባቴን ቱቦ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው ብረቱ ጮኸ።

«ካሳነሽ! እሱን ደግሞ ምን ልታደርጊበት?»

«ልወጋ ነዋ።» ወደ እኔ ዞረች። «ደውይ።»

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ የወይኒቱ ፊት መጣ፤ በላብ የራሰ፣ ዓይኗን በእጇ ከፀሐይ የጋረደች።

«ወይኒቱየ፣ ቤታችን ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ እማየ። በጣም ያምራል።» ስልኩን አዞረችው። የቆርቆሮ አጥር ነው። አጥሩ ላይ ክንዱ የሚያሳየው ሥዕል ተለጥፏል፤ ሕንፃው፣ ባሕሩ፣ ጃንጥላው ሳይቀር። ጥጉ በፀሐይ ተልጧል። ወይኒቱ በቀዳዳው አሾልካ አሳየችን፦ አሸዋ፣ አንድ ዝገት የበላው የውሃ በርሜል፣ አንድ ወንበር። «ዘበኛውን አናገርኩት። አራት ዓመት ነው ይህን አሸዋ ስጠብቅ አለኝ። ባሕሩንም ጠይቄው ነበር፤ በአውቶቡስ ሂጂ አለኝ።»

ክንዱ ተቁነጠነጠ። «ያ ሌላ ሳይት ነው። የእኛ ከበስተጀርባ ነው።»

«ጎሽ» አለች እናቴ። «እንግዲያው ደውልና ከኩባንያህ አንድ ሰው ይምጣላት፤ በሩን ይክፈትላት። እሷ ትጠብቃለች። አሞኛል ብላ የቀን ደመወዟን አስቆርጣ ነው እዚያ ሐሩር ላይ የቆመችው። እኔም እጠብቃለሁ፤ እስክሪብቶውም እጄ ላይ ነው።»

«እማማ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር በሂደት...»

«ደውል እንጂ ልጄ። የምታምኑትን ጠይቁ ብለህ የለ? ያመንኳት እሷ ናት።»

ክንዱ ስልኩን ነካካ፣ ጆሮው ላይ አደረገ፣ አወረደ። «እዚህ ውስጥ ኔትወርክ የለም» አለ፤ ወይኒቱ በዚያው ክፍል ውስጥ እንደ ብርሃን ጠርታ እየታየች። ወጣ። ባጃጅ ሲነሣ ሰማን። ዛሬስ ጫማውን ሳይወለውል ነው የሄደው።

እናቴ እስክሪብቶውን ለጸሐፊዋ መለሰች።

አባቴ አመሰገኑ ካላችሁ አባቴን አታውቋቸውም። «በሰው ፊት አዋረዳችሁኝ!» አሉ ደጃፍ ላይ። «ለእኔ ለብቻዬ መንገር አይቻልም ነበር?»

«ትናንት ለብቻዎ ነገርኩዎት።»

«ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ነገር አይነሣብኝ። አልተገዛም፣ አለቀ። ማንም አይስማ።»

«አላለቀም» አለች እናቴ። እስከ ዛሬ አባቴን አንቱ ነበር የምትላቸው። «ቻላቸው በአንተ ስም መሬቱን ሸጧል። ሌላው ስንቱ እንደሸጠ እንጃ። ሄደህ አልገዛሁም በል።»

«ምን ብዬ? ባምላኩ ሊታለል ነበር ብዬ? ገበያው ምን ይለኛል?»

«ይሣቅብህ። እኔ ነገ ወረፋ ለያዘችው ሴት ሁሉ እናገራለሁ፤ ከእኔ ከሚሰሙ ከአንተ ይስሙ።»

አባቴ ቱቦውን ከእጇ ተቀብለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ቡሬ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ሳያቸው እንዳረጁ አስተዋልኩ፤ ቢሆንም አላዘንኩላቸውም። ያችን ሐሩር ላይ የቆመች ልጅ «ጠራጊ» ያሉበት ቃል ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ቻላቸው በር ሲከፍት በሁለት እጁ ተቀበላቸው። «ጋሼ! ይግቡ፣ ይቀመጡ!»

አልተቀመጡም። ቱቦውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ወደ በር ዞሩ፤ በሩ ላይ ግን እኔ ነበርኩ።

«ይበሉ እንጂ» አልኳቸው።

«ቻላቸው» አሉ። «እኔ ያን ቤት አልገዛሁም።»

ቻላቸው ሣቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬም ይፈትኑኛል!»

«አልገዛሁም። ሊሸጡልኝ ነበር፤ ቤት የለም። አሸዋ ነው።»

«አይቀልዱ እንጂ።» አሁንም ይሥቃል፤ ዓይኑ ግን መሣቅ አቁሟል። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ቱቦው አየ፣ ወደ እሳቸው ተመለሰ። «ሁለት ወስደዋል አሉኝ እኮ... ጋሼ፣ ሁለት ወስደዋል።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አሉ አባቴ። «ልጄ አይደለህም? ለምን ‹እውነት ገዝተዋል ወይ› አላልከኝም?»

ቻላቸው ሳያስበው እሳቸው እንዲቀመጡ ባወጣው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ።

«እርስዎን?» አለ። «እርስዎን እንዴት ብዬ ልውጋ?»