ካርዱ ላይ የጻፍኩት መስመር

ነቀምቴ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጀሶ ክፍል ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንደ ወጌሻ ያበሸቀኝ ፍጡር የለም። ሰው ከዛፍ ይወድቃል፣ ከሞተር ይወድቃል፣ በሬ ይወጋዋል፤ ይሄ ያለ ነው። ግን አጥንቱ ተሰብሮ ሳምንት ሙሉ በቅቤ ሲታሽ ከርሞ፣ በቀርከሃ ተጠፍንጎ፣ ጣቱ ከጠቆረ በኋላ ወደ እኔ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። ከእነዚያ ቀርከሃዎች አብዛኞቹን ያሰሩት ደግሞ ከነቀምቴ ወጣ ብላ በምትገኘው በኡኬ የሚኖሩት ወጌሻ ኦቦ ዋቅወያ ነበሩ። መልካቸውን ሳላውቅ ቋጠሮአቸውን አውቀው ነበር።

ባለፈው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ራሳቸው መጡ። የበቆሎ ጎተራቸው መሰላል ተንሸራቶ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሯል። ራጁን መስኮት ላይ ለጥፌ አየሁት፤ ከክርናቸው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አጥንቱ ተጠምዝዞ ለሁለት ተሰንጥቋል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። በግራ እጃቸው ቀኙን ደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ልጃቸው ለመሆን አልቸኮልኩም።

«ደህና። ምነው፣ የራስዎን ክንድ ራስዎ አላሰሩትም?»

«ቀኝ እጄን በግራ እጄ ማሰር አልችልም።»

«ምክንያቱ ያ ብቻ ነው?»

«ኤዬ፣ ያ ብቻ ነው።»

ይህ መልስ አናደደኝ። ትንሽ እንኳ አላፈሩም።

ጀሶ ክፍል ውስጥ አንድ ሕግ አለ። የላይኛው ክንድ የተሰበረበትን ሰው ገና ሳትነካው «መዳፍህን ወደ ታች አድርግና እጅህን ከአንጓው ቀና አድርግ» ትለዋለህ። እጅን ቀና የሚያደርገው ነርቭ በዚያ አጥንት ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚወርደው። ሲሰበር ሊጎዳ ይችላል፤ አጥንቱ ሲጎተትም በስብራቱ መሀል ሊቀረቀር ይችላል። ስለዚህ አንዴ ከመጎተቱ በፊት፣ አንዴ ከጀሶው በኋላ ታያለህ፤ ሁለቱንም ካርዱ ላይ ትጽፋለህ። ይህን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ግን አፌ ሥራ ይዞ ነበር። ባለፈው ክረምት በቀርከሃ ታስሮ ስለ ተቆረጠው ክንድ ነገርኳቸው። ቅቤ አጥንት እንደማይገጥም ነገርኳቸው። የሃያ ሁለት ዓመቱን ንዴት በአንድ ጠዋት ልጨርሰው የፈለግሁ ይመስል ነበር። እያወራሁ ታፋ የሚባለውን ረዳቴን ጠቀስኩት፤ እሱ በብብታቸው ስር ባሳለፈው አንሶላ ወደ ላይ ያዘልኝ፣ እኔ ክርናቸውን ይዤ ወደ ታች ጎተትኩ። አጥንቱ ሲገጥም እጄ ላይ ተሰማኝ። ኦቦ ዋቅወያ ድምፅ አላሰሙም። አንዴ ብቻ ዓይናቸውን አንስተው ትክ ብለው አዩኝ። እልኸኛ ሽማግሌ ብዬ አለፍኩት።

ከብብታቸው ተነስቶ በክርናቸው ስር ዞሮ ትከሻቸው ላይ የሚወጣ ጀሶ አደረግሁላቸው፣ በፋሻ ጠቀለልኩት፣ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠለጠልኩት። ጥሩ ሥራ ነበር። ከዚያ «እጅዎን ከአንጓው ቀና ያድርጉ» አልኳቸው።

አልተነሳም። እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ካርዱን አነሳሁ። «ከመጎተቱ በፊት» የሚለው መስመር ባዶ ነበር። ታፋ አንሶላውን እያጠፈ ነው፣ የአጥንት ሐኪማችን ዶክተር ኢፋ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው፣ ኦቦ ዋቅወያ ወደ ግድግዳው ያያሉ። ብዙ ጊዜ እኮ ሲወድቁ ነው የሚጎዳው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህ እውነት ነው። እስክሪብቶዬን አነሳሁና ባዶው መስመር ላይ «እጅ ከአንጓው አይነሳም» ብዬ ጻፍኩ። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ።

ዶክተር ኢፋ ከሰዓት መጥቶ ካርዱን አነበበ። ወጣት ነው፣ ሥራው ላይ ጠንቃቃ።

«ሲወድቁ የተጎዳ ከሆነ እንጠብቃለን» አለ። «አብዛኛው በራሱ ይመለሳል። ከተጎተተ በኋላ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ከፍቼ አየው ነበር።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ እጅዎ ከመሰላሉ ሲወድቁ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

ኦቦ ዋቅወያ ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ ታውቃለች» አሉ።

«ተመዝግቧል» አልኩ። ዶክተሩ አመሰገነኝ። ብዙ ሰው እኮ ይህን መስመር ባዶ ይተወዋል አለ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ይመጡ ነበር። የክንድ አጥንት በራሱ ክብደት ተጎትቶ ስለሚቃና ተቀምጠው ነው የሚተኙት፤ ይህንንም ያለ ማጉረምረም ያደርጉታል። ቀጠሮአቸው ከዶክተሩ ጋር ነው፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣሉ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉና አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፤ ስለ ኡኬ መንገድ፣ ስለ ጤፉ ያወራሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያዩኛል። እኔ ፋሻ ጎደለ እያልኩ ወደ ዕቃ ክፍል እገባለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ የእኔ ዶሮ ጠዋትም ማታም ነበረች።

አንድ ቀን ታፋ «እንግዲህ ሥራዎን ምን ሊያደርጉ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ምን ሥራ አለኝ?» አሉት። «አጥንት የማየው በጣቴ ነበር። አሁን የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ምራቴ ናት።» ይህን የሰማሁት ከዕቃ ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ነው። የእኚህን ሰው እጅ ሥራ ማስፈታት ስንት ዓመት ስመኘው የነበረ ነገር ነው። ሲሆን ግን አንጀቴን በላኝ።

በዐሥረኛው ሳምንት አጥንቱ ገጠመ፤ ጀሶው ወለቀ። እጁ ግን እንደ ተንጠለጠለ ነው። ዶክተር ኢፋ ካርዱን እንደገና አገላበጠና «ከተሰበረ አምስት ወር እስኪሞላው እንታገስ» አለ። የሚታገሰው የእኔን መስመር አምኖ ነው። ነርቩ ተቀርቅሮ ከሆነ በቆየ ቁጥር ሥጋው ይሟሽሻል፤ ኋላ ቢለቀቅ እንኳ አይነሳም። መስመሩ ውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ቤቴ አልገባሁም። ሚኒባስ ይዤ ኡኬ ወረድኩ። ኦቦ ዋቅወያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ በግራ እጃቸው ይፈለፍላሉ። ቀኙ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ቁጭ በይ ሲሉኝ ቆሜ ነገርኳቸው፤ ብቀመጥ አልናገረውም ነበር።

«ያን ቀን ከመጎተቴ በፊት እጅዎን አላየሁትም። እርስዎን ስሰድብ ረሳሁት። ካርዱ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው።»

በቆሎውን አስቀመጡት። «አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ስገባ ይነሳ ነበር። መሰላሉ ስር ተጋድሜ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ይህን ሐኪም ብቻ የሚያውቀው ይመስልሻል? አንቺ ስትጎትቺ አጥንቱ መሀል አንድ ነገር ገባ፤ ከዚያ ወዲያ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነ።»

«ታዲያ ለምን አልጮሁም?»

«እኔ ቤት የሚታሰር ሰው አፉን አይከፍትም። ካወራ የወጌሻው እጅ ይስታል። አርባ ዓመት ሰውን ዝም በል ስል ኖሬ እኔ ልጩህ?»

«ከዚያስ በኋላ? ዶክተሩ ሲጠይቅዎት?»

«እዚህ ቦንቱ የምትባል አለች፤ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ልጅ ሳለች ከዋንዛ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ አመጧት። እጇ ይነሳ ነበር። በሦስተኛው ቀን አሸሁት፤ እያየሁት ወደቀ። ከዛፉ ስትወድቂ ነው የሆነው አልኳት። ዐሥራ አንድ ዓመቱ። ቤቷ ሄጄ አላውቅም።» ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው ሌላኛው ጭናቸው ላይ አዞሩት። «እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ፈለግሁ። ለዚህ ነው አንቺ ጋ እየመጣሁ የምቀመጠው። ካልተናገርሽ ሰው ሁሉ እንደኔ ነው ብዬ እፎይ እል ነበር።»

«እጅዎ እኮ ነው» አልኳቸው። «በእጅዎ ነው የፈተኑኝ።»

«ኤዬ። ሞኝ ነኝ።»

አለቀስኩ። ለእሳቸውም ለራሴም ነው ያለቀስኩት፤ ብዙ ደግሞ ከንዴት ነው። «ተነሺ፣ መኪና ያመልጥሻል» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ኢፋ ፊት መስመሩን ሰረዝኩ። ከጎኑ «ከመጎተቱ በፊት አልታየም፤ በሽተኛው እጃቸው ይነሳ እንደነበር ይናገራሉ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዶክተሩ ካርዱን ወስዶ አነበበው።

«ዐሥር ሳምንት» አለ። ሌላ ስድብ አልጨመረበትም፤ ቢጨምርበት ይሻለኝ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ከጀሶ ክፍል ወደ መርፌ ክፍል ተዛወርኩ። አልተከራከርኩም።

በዚያው ሳምንት ክንዳቸውን ቀደው ከፈቱት። ዶክተሩ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅሁት። ነርቩ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አዲሱ አጥንት ዙሪያውን አድጎበት አገኘው። አልተበጠሰም፤ አስለቀቀው። ይነሳል ብሎ ግን አልማለልኝም።

መጋቢትም ሚያዝያም ምንም አልነበረም። ግንቦት ላይ ክርናቸው አጠገብ ያለው ሥጋ መንቀጥቀጥ ጀመረ አሉ። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መርፌ ክፍል መጡና ቀኝ ክንዳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፤ መዳፋቸውን ወደ ታች አደረጉ። እጃቸው ከአንጓው ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ወረደ።

«አየሽ?»

«አየሁ።» እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሳቸው ግን ፊታቸው አልፈታም።

«የኔ ተነሳ» አሉ። «አንቺ ስለ ተናገርሽ ነው የተነሳው። ቦንቱን እንግዲህ በየት በኩል ነው የማልፋት?»

«አብሬዎት ልምጣ?»

«ኤዬ፣ ነይ።»

በገበያው ቀን አብረን ሄድን። ቦንቱ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በርበሬውን በግራ እጇ ትሰፍራለች፤ በተንጠለጠለው ቀኝ እጇ ጀርባ ላስቲኩን ደግፋ ትይዘዋለች። ኦቦ ዋቅወያ ሰው እስኪቀንስ አልጠበቁም። ፊቷ ቆመው በኦሮምኛ ነገሯት።

«ቦንቱ፣ እጅሽ የወደቀው ከዛፉ አይደለም። እኔ ነኝ። ሳሸው ነው የወደቀው፤ እያየሁት ነበር።»

ቦንቱ የያዘችውን ስፍር ላስቲኩ ውስጥ ገለበጠች፣ ለገዢዋ ሰጠቻት፣ ሴትዮዋ እስክትሄድ ቆየች።

«አውቃለሁ» አለቻቸው። «የታሸሁት እኔ አልነበርኩም? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በደጅዎ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ ሰላም የምልዎት ለምን ይመስልዎታል?»