ትል የወጣበት ገንቦ

በሃምሳ አንዱ ክረምት፣ ለነገው የጊዮርጊስ ማኅበር ተረኛዋ እማማ ብርቄ ነበሩ። አሰላ ውስጥ በጠጃቸው ታምተው አያውቁም፤ የሰውን ጠጅ ግን አምተው ያውቃሉ። ጠዋት ጓዳ ገብተው የጠጁ ገንቦ አንገት ላይ ነጫጭ ትል ሲርመሰመስ አዩ። አንዳንዱማ ደርቆ፣ ቡናማ ፍሬ መስሎ የክዳኑ ጨርቅ ላይ ተለጥፏል።

«ድፊው» አሏት ምራታቸውን ፅጌረዳን።

«ውስጡን ሳያዩ?»

«ምኑን አያለሁ? ጠጄ ተልቷል። ነገ ማኅበርተኛው ትል አጠጣችን ሲል ልስማ?»

ፅጌረዳ ቁጢጥ ብላ ወለሉን አየች። «እማማ፣ ይኸን ይዩ እስቲ።»

ትሎቹ ለላሚቱ ከተቀመጠው የአተላ እንስራ እየወጡ፣ የራሰውን ወለል አቋርጠው ገንቦው ላይ ይወጣሉ። ብርዱ ጠጁን እንዳያዘገየው ገንቦው ምድጃ ጥግ ስለተቀመጠ፣ በዚያ ክረምት ከጓዳው ደረቅ እሱ ብቻ ነበር።

«ዝንቡ አተላ ላይ ይፈለፈላል፤ ክንፍ እስኪያበቅል የሚተኛው ግን ደረቅ መርጦ ነው» አለች ፅጌረዳ። «እናቴ ቤት የበሰበሰ ኮክ ላይ አይቻለሁ።»

እማማ ብርቄ አላመኑም። ክዳኑን ገለጡ። ከውስጥ አንድም ትል የለም። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ጠጁ ጠጅ ነው።

«አተላውን እዚህ ማን አስጠጋው?» አሉ።

ፅጌረዳ ገንቦውን ከደነች። ማን አስጠጊው እንዳላት ሁለቱም ያውቃሉ።

«በይ ጨርቁን ቀይሪ፤ ገንቦውንም በደረቅ ጥረጊው» አሉ እማማ ብርቄ። ምራታቸው እያለች ዕቃ አንስተው የማያውቁት ሴትዮ፣ የአተላውን እንስራ ራሳቸው አቅፈው ወጡ።