እጅ እስከ ጆሮ

ሕግ አውጪዎች ሰው ሁሉ የልደት ወረቀቱን ጨብጦ የሚወለድ ይመስላቸዋል። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ይማር፤ ያላስመዘገበ ወላጅ ይታሰር! ደግ። በዚያ ሰፈር ግን ልጅ የሚወለደው እቤት ነው፤ ወረቀት የሚሰጥም የለም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ትምህርት ሊከፈት ሲል ቤት ለቤት እየዞረ ልጆቹን በገዛ እጃቸው ይለካቸው ነበር። ቀኝ እጅ በአናት ላይ ዞሮ የግራ ጆሮን ከነካ ልጁ ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ።

የሆቴል አንሶላ የምታጥበው እናት ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ባሏ በሞተ ማግስት ትልቋ ልጅ ለትምህርት ደረሰች፤ ታናሹ ገና ብቻውን የማይተው ሕፃን ነው። ልጅቱ ከተማረች ማን ይይዘዋል? እናት ሥራ ከተወች ማን ያበላቸዋል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሷም ልጇን ማጠር አስተማረቻት።

«ትከሻሽን ዝቅ፣ አንገትሽን ቀና። ክርንሽን እጠፊው። እንደሱ፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቱ ጎበዝ ተማሪ ሆነች። መዝጋቢው ሲለካት ጣቶቿ ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ ውስጥ ቀሩ።

«ይቺ ልጅ አታድግም እንዴ?» አለ በሚቀጥለው ዓመት።

«አባቷን ወጥታ ነው። ነፍሱን ይማረውና አጭር ነበር።»

ሟቹ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሎጋ ሰው ነበር። መዝጋቢውም በኋላ በኋላ ሰለቸውና ደጃፉን ዝም ብሎ ያልፍ ጀመር።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምነካው?» ትላለች ልጅቱ፣ ሕፃኑን አዝላ ደብተር የያዙ እኩዮቿን እያየች።

«ወንድምሽ ይደግ። ያኔ እንደ ልብሽ ትዘረጊዋለሽ።»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። ለመዝጋቢው ዋሽታለች፤ ለልጇ ግን አልዋሸችም።

ወንድምየው ሰባት ሲሞላው እናት ከሥራ አስፈቅዳ፣ ሁለቱንም አጥባ አበጥራ ትምህርት ቤት ወሰደቻቸው። መንገድ ላይ የልጅቱን እጅ ጭምቅ አድርጋ፣ «ዛሬ ማጠፍ የለም፤ እስከቻልሽው ዘርጊው» አለቻት። ልጅቱ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ እናቷ አይታት አታውቅም።

ቢሮው ውስጥ ርዕሰ መምህርቷ ራሷ ትለካለች። ልጁ የጆሮውን ጫፍ ነካ፤ ተመዘገበ። ተራው የእህቱ ሆነ። እጇን አነሳች፣ በአናቷ ላይ አዞረች፣ ጆሮዋን አልፋ መንጋጋዋን እስከ አገጯ ድረስ ጨበጠች። ዓይኗ ያበራ ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «እናት፣ ይቺ አንደኛ ክፍል አትገባም። ከዐሥር ዓመት በላይ አንቀበልም፤ ሕጉ ነው።»

ላይኛው ገደብ እንዳለ ለእናት የነገራት አልነበረም። እሷም አልጠየቀች፤ የሚደበቅ ሰው ምኑን ይጠይቃል?

«ትድገመው፣ የኔ እመቤት፣ በደንብ አልተለካችም! ልጄ፣ እንደ ድሮው አድርጊው፣ ክርንሽን...»

«እንደ ድሮው ማለት?» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

እናት የልጁን ኮሌታ ማስተካከል ያዘች። እውነቱን ብትናገር እስር ነው፤ ልጆቹስ ለማን ይቀራሉ? በደሏ የራሷ፣ ቅጣቱ የልጇ ሆነ። ልጅቱ ግን አሁንም መንጋጋዋን እንደጨበጠች፣ ጎበዝ የሚላት ትጠብቃለች።

ርዕሰ መምህርቷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ድምጿን አለስልሳ፣ «ወንድምሽ ብቻውን መምጣት አይፈቀድለትም» አለቻት። «ጠዋት ጠዋት አንቺ ታመጪዋለሽ። እንዳታረፍጂ፤ እናትሽ ትቀጣለች።»

ልጅቱ እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

«እስከ ክፍሉ ነው?»

«እስከ በሩ።»