ክር የሚይዘው ዓሣ

የጽዳት ሠራተኛዋ ወርቄ መደርደሪያውን ስትወለውል ክርኗ ነካቸውና ሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሱ። ክፍሉን አልኮል አልኮል ሸተተው። ውስጣቸው የነበሩት ጣት የማያህሉ ዓሦች ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተበተኑ፤ የየትኛው ጠርሙስ እንደነበሩ እንኳን ሰው መልአክም አይለይ።

አምሐ ሮጦ ገባ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ በጦር ኃይሎች አካባቢ ያለው የዓሣ ጥናት ክፍል ኃላፊ ነው።

"ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ! የቀራንዮ ወንዝ ሁለት ዓይነት ዓሣ አለው ብዬ ጽፌ፣ ማስረጃው ዛሬ ከሰዓት ሊላክ ነበር!"

"እለያቸዋለሁ ጌታዬ።"

"እንደ ምስር ልትለቅሚያቸው? እኔ የለየኋቸው በሕይወት ሳሉ በጎናቸው ነጥብ ነው። ነጥቡን አልኮሉ አጥፍቶታል። ሂጂ፣ ስንብትሽን እጽፋለሁ።"

የመጀመሪያ ልጇን ያህላል። ከመጣ ጀምሮ "አንቺ" ሲላት ውጣዋለች። እንጀራዋን መንጠቁን ግን የምትውጥበት ጉሮሮ አልነበራትም።

"እስከ ስድስት ሰዓት ይታገሱኝ። ካቃተኝ ደብዳቤውን ይዤ እወጣለሁ።"

"ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ" ብሎ ስቆባት ወጣ።

ወርቄ ዓሦቹን ለቃቅማ አጠበችና ከነጠላዋ ዘርፍ አንድ ክር መዘዘች። ልጅ ሳለች ቀራንዮ ወንዝ ወርዳ በነጠላ ዓሣ ትጠልፍ ነበር። አንደኛው ዓይነት እንደ ሳሙና ሙልጭ ይላል። ሌላው በጀርባ ክንፉ እሾህ ጨርቁን ነክሶ አይለቅም፤ ክሩ ሲመዘዝ እናቷ ትገርፋት ነበር። ያ ሁሉ አለንጋ ለዛሬ ኖሯል!

ክሩን ከእሾኹ ኋላ፣ ከሥር ወደ ላይ ሳብ ታደርጋለች። ሙልጭ ካለ ወደ ቀኝ ሳህን። ከያዘ ወደ ግራ።

ስድስት ሰዓት ላይ አምሐ መዝገቡን ይዞ መጣና ቆጠረ።

"ግራው ሃያ አራት፣ ቀኙ አሥራ ስድስት። የእኔ ሃያ ሦስትና አሥራ ሰባት ነው። አንዱን ስተሻል።"

"አልሳትኩም።"

"ታዲያ መዝገቡ ዋሸ?"

"መዝገቡን የጻፈው ሰው ነው።"

"ግትር!"

"በመድኃኔዓለም፣ ነኝ።" ከግራው ሳህን ከሁሉ የምታንሰውን አነሳች። "ይቺ ትሆናለች። ነጥቧ ሳይወጣ በጨቅላነቷ ተይዛ፣ ነጥብ ከሌላቸው ጋር ተቆጥራ ይሆናል።"

ክሩን ከእሾኹ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ሳበችው። ክሩ ያዘ። ብድግ ስታደርገው ትንሿ ዓሣ አምሐ አፍንጫ ሥር ተንጠልጥላ ተወዛወዘች።

አምሐ አጉሊ መነጽሩን አምጥቶ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ እንዳለም ቆየ። የእሾኹ ጀርባ እንደ መጋዝ ጥርስ በጥርስ ነው። ከዚያ ከቀኙ ሳህን አንዱን አየ። ልሙጥ ነው።

"ወይዘሮ ወርቄ" አለ ቀና ሳይል፣ "እስቲ እንደገና ያሳዩኝ።"

"ውይ! አሁን ገና አንቱ ሆንኩ?"

ጆሮው ቀላ። ክሩን ተቀብሎ ሞከረ፤ ሙልጭ አለበት።

"ከሥሩ ይጀምሩ እንጂ! ደግሞ አይፍሯት፤ ዓሣዋ ሞታለች፣ አትነክስዎትም።"

በሦስተኛው ያዘለት፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቁ። አምሐ ለስንብቷ ያዘጋጀውን ወረቀት ቀደደና በቁራጮቹ ለአዲሶቹ ጠርሙሶች ምልክት ጻፈ። ወርቄ ፊደል ያየችው ሁለት ክረምት ብቻ ነው። ቢሆንም ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ ቆጠረችው፦

"የ... ለ... ዩት፣ ወይ... ዘሮ... ወርቄ።"