ቤት ሳጸዳ ሚስቴን ገደልኳት

ሚስቴን የገደልኳት በመጥረጊያና በቆሻሻ ከረጢት ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሟቿ ቺዙ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ መንደሪን እየላጠች ነው። «እውነቱን ጻፍ» ብላኛለች፤ እውነቱ ደግሞ እኔን አያስመሰግነኝም።

ልጃችን ሚዋ ናጎያ ላይ ስትገላገል ቺዙ ልታርሳት ተነሳች። ካናዛዋ ባለው ቤታችን ደጃፍ ጫማዋን እያደረገች፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ነገረችኝ።

«አባቷ፣ እዚህ ቤት ውስጥ የሻይ ስኒ የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ሚዋ ‹አንድ ክፍል አለን፣ እኛ ጋ ኑሪ› ብላኛለች። ስመለስ ቤቱን አይና እወስናለሁ።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የጉዞ ሰዓት ሰሌዳ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። መመለሻዋን ስትነግረኝ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሁለት ቀን ነበረኝ። ሚስቴን ለልጄ ላለመልቀቅ ቆርጬ ተነሳሁ።

በመጀመሪያ ያደረግኩት ግን ዕቃ መግዛት ነው። በጥቂት ዕቃ መኖርን የሚያስተምሩ አራት መጻሕፍት ገዛሁ። ሁለተኛው ስለ ቅርጫት ጥቅም አጥብቆ ስለሚናገር ዐሥራ አራት ቅርጫት ጨመርኩበት። ቅርጫቶቹን የማስቀምጥበት ስላጣሁ ገላ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ደረደርኳቸውና ለአንድ ሳምንት የሕዝብ መታጠቢያ ቤት እየሄድኩ ታጠብኩ። ቤቱን ለማቅለል ስል ገላዬን የምታጠብበት ያጣሁ በሰፈሩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ መጣል ጀመርኩ። አራተኛው መጽሐፍ እያንዳንዱን ዕቃ አንስተህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ ይላል፦ «ተጠቅሜበት አውቃለሁ?» ቺዙ አትክልት በጨው የምታብላላበትን ማሰሮ አነሳሁ። እኔ ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ወደ ከረጢት ገባ። ቶፉ፣ ያንን የአኩሪ አተር አይብ፣ የምትገዛበት ጎድጓዳ ሳህን ገባ። እጀታው በክር የተጠቀለለው ጃንጥላዋም ገባ። ቁም ሣጥኗን ሳይቀር ለትልልቅ ዕቃ ጫኞች ደውዬ አስጫንኩትና ልብሷን በሁለት ቅርጫት አጣጠፍኩላት። ቢያንስ ቅርጫቶቹ ሥራ አገኙ።

ይህን ፈተና ማለፍ የቻለው የእኔ ዕቃ ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ የወጣሁባቸው የዓሣ መንጠቆ ዘንጎች፣ ሦስት ካሜራዎች፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት የሰዓት ሰሌዳ፤ ሁሉንም ፎቅ አውጥቼ በሩን ዘጋሁት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እኔ የራሴን ማሰሮ ከድኜ ቆልፌበት ነው የሰው ያማሰልኩት።

የቀረችው ቶኮኖማ ነበረች። አንድ ጽሑፍ ተሰቅሎባት አንድ አበባ እንድትይዝ በእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ገባ ብላ የተሠራች ቦታ ናት፤ በእኛ ቤት ግን ለዐሥር ዓመት የእኔን እግር ማሻ ማሽንና የቢራ ሣጥን ተሸክማ ኖራለች። ጠራርጌ ወለወልኳት። ከቁም ሣጥኔ ጀርባ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የተጠቀለለ ጽሑፍ አገኘሁ፤ ቀለም የለው፣ ሥዕል የለው፣ የቡድሃ ስም ብቻ በስድስት ጥቁር ፊደል። ቁጥብነቱ ማረከኝ። ሰቀልኩትና ከጓሮ አንድ ነጭ የክሪሳንተመም አበባ ቆርጬ ከሥሩ አቆምኩ። አላፊ አግዳሚው እንዲያይልኝ በመንገዱ በኩል ያለውን ተንሸራታች በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ።

ያ ጽሑፍ ከነጭ አበባ ጋር በእኛ አገር የሚሰቀለው ሰው ሲሞት ነው። ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ አባቴ ሲሞት በየሳምንቱ መታሰቢያ ከሥሩ ሰባት ጊዜ ተቀምጬአለሁ። ሰባቱንም ጊዜ የማስበው ስለሚቀርበው ምግብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከረጢት ይዤ ስወጣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ታባታ ተራቸው ስለነበር ቁራ እንዳይዘነጥለው በቆሻሻው ላይ መረብ እየዘረጉ አገኘኋቸው። አይተውኝ አንገታቸውን ሰበሩ።

«አቶ ሙሮያ፣ ሁሉንም ብቻዎን ነው የሚያወጡት?»

«ምን ይደረግ፣ ቶሎ መገላገል ይሻላል» አልኳቸው። «እያየሁ ከምቀመጥ ይውጣልኝ። አሁንማ ቤቱም ሰፋ፣ እኔም ቀለለኝ።»

ወይዘሮዋ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ። ቶፉ ሠሪው አቶ ሂሮሴ ደግሞ ደጃፌ ላይ ቶፉ አስቀምጦ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። መንገድ ላይ የማገኘው ሁሉ ጎንበስ ይልልኛል። ጽዳት ሰውን እንዲህ የሚያስከብር ከሆነ ምነው በወጣትነቴ በጀመርኩ እያልኩ ተጸጸትኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ሚስቴን ቀብሮ ሲጨርስ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አይፈረድባቸውም። ሴትየዋ ከጠፋች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ባልየው ዕቃዋን በየሰኞና ሐሙሱ ያወጣል። አሁን አሁን ደግሞ ቀብሩን በቤተሰብ ብቻ ጨርሶ ለጎረቤት አለመናገር ተለምዷል፤ ባለ ሐዘኑ ካልተናገረ የሚጠይቀው የለም። የተከፈተው በር፣ ባዶው ክፍል፣ ጽሑፉና ነጩ አበባ የቀረውን ተናገሩላቸው።

ቺዙ የምትመለስበት እሑድ እኩለ ቀን ላይ አምስት ጎረቤቶች ጥቁር በጥቁር ለብሰው መጡ። ቤቴን ሊያደንቁ መስሎኝ በደስታ አስገባኋቸው። ቶኮኖማው ፊት ተደርድረው ተንበረከኩ። ወይዘሮ ታባታ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከፊታቸው አኖሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልን። ሳናስፈቅድዎ ከከረጢቱ ለማስታወሻ አንሥተናል» አሉ። ሲፈቱት ያ ማሰሮ ነው። «ባለቤቴ ታሞ እህል እምቢ ባለ ጊዜ ቺዙ ከዚህ ማሰሮ በየጠዋቱ ታመጣለት ነበር። እሱን ብቻ ነበር የሚቀምሰው። ለቆሻሻ መኪናው መተው አልሆነልኝም።»

አቶ ሂሮሴ ሳህኑን አወጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዝናብም በበረዶም ይዛው እየመጣች ስለ ልጆቹ ሳትጠይቀው ሄዳ እንደማታውቅ ተናገረ። ጃንጥላውን ያነሱትም ነበሩ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። አብሬያት የኖርኩትን ሴት ጎረቤቶቼ ሲነግሩኝ እያዳመጥኩ ነበር፤ ግማሹን አላውቀውም።

በዚህ መሃል የውጪው በር ተንሸራተተ።

«ተመልሻለሁ» አለች ቺዙ።

ሻንጣዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ጽሑፉን አየች፣ አበባውን አየች፣ ጥቁር ለባሾቹን አየች። ቺዙ ነገር ለመረዳት ጊዜ አይፈጅባትም። ተንበርክካ እጅ ነሳች።

«ሥራ ፈታችሁ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለመሆኑ በምን ሞትኩ?»

አቶ ሂሮሴ ወደ ኋላው ወደቀ። ወይዘሮ ታባታ አቅፈዋት አለቀሱ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ እንደገና አለቀሱ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መልሰው ሲወጡ እኔን ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም።

ቺዙ ባዶውን ቤት ዞር ዞር ብላ ቃኘች።

«የኔ ዕቃ የደረሰበትን አየሁ። ያንተስ?»

ፎቅ ወጣች። በሩ ከዕቃው ብዛት አልከፈት ብሏት ተመለሰች። ብትቆጣ በተሻለኝ፤ አልተቆጣችም።

«ሙት አልልህም፤ ግን ብትሞት ከዚያ ክፍል ጎረቤት ምን የሚያነሳልህ ይመስልሃል?»

ሻንጣዋን እስከ ሐሙስ እንደማትፈታ ነገረችኝ፤ ሐሙስ ማታ ወደ ናጎያ ባቡር አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ፎቅ ላይ ዋልኩ። መጽሐፉ የሰጠኝን ጥያቄ ትቼ የእሷን ጠየቅኩ። ካሜራው? ማንም አያነሳውም። ዘንጎቹ? ማንም። የሰዓት ሰሌዳውን አንድ አውቶቡስ ነጂ እንኳ አይፈልገውም። ክፍሉም፣ ቁም ሣጥኔም ባዶ ቀረ። ስድሳ ስድስት ዓመት ኖሬ አንድ የሚነሳ ነገር ማጣቴ በእውነት አስለቀሰኝ።

ሐሙስ ጠዋት ዐሥራ አንድ ከረጢት ከመረቡ ሥር ደርድሬ በመስኮት እጠብቅ ጀመር። አቶ ሂሮሴ ቆም ብሎ ዘንጎቹን አየና አለፈ። ወይዘሮ ታባታ መረቡን ብቻ አስተካከሉ። አንድ ቁራ መጥታ አገላብጣ አየች፤ እሷም ሄደች። የቆሻሻ መኪናው ከማዕዘኑ ሲዞር ተሰማኝ።

ያን ጊዜ ቺዙ በቤት ጫማዋ መንገዱን ተሻገረች። አንዱን ከረጢት ፈታ እጇን እስከ ክንዷ ከተተችና የአሉሚኒየም ምሳ ዕቃዬን አወጣች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሥራ የወሰድኩት፣ ክዳኑ የተጎረበጠው ነው።

«ይሄ የኔ ነው» አለችኝ ስትገባ። «እኔ ስሞላው ኖሬአለሁ። አንተ የተሸከምከው ብቻ ነው።»

ጽሑፉን አውርዳ ጠቀለለችው። ምሳ ዕቃውን ቶኮኖማው ላይ አኑራ ውሃ ሞላችበትና የጓሮውን የካሜሊያ አበባ ቅርንጫፍ አቆመችበት። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ክፍሉ ከዚያ በፊት እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች። ወደ ደጅ ይሁን ወደ ፎቅ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ትንሽ ቆይቶ የሻንጣው ዚፕ ተከፈተ።

«አባቷ፣» ብላ ተጣራች ከላይ፣ «ቁም ሣጥኔስ?»

«የኔን ውሰጂ» አልኳት። «ባዶ ነው።»